ሁለት ጊዜ ተከልክዬ በሦስተኛው የተሳካልኝ፦ የቪዲዮ ጨዋታን ለሕዝብ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ስለ ማቅረብ

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ይዤ ለሕዝብ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ በሦስተኛው የጠየቅሁትን ያህል ባይሆንም ሥራውን ለመጨረስ የሚያስችል ገንዘብ አግኝቻለሁ። በመካከሉ አንድ የሥራ ባልደረባ አጥቻለሁ፣ ዕዳ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ኮምፒውተሬን መክፈት እስኪያስጠላኝ ድረስ ተስፋ የቆረጥኩባቸው ወራትም ነበሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ያባከንኩት ስለ ገዛ ሥራዬ መናገር ስላልቻልኩ መሆኑን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው። እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ካላችሁ ቢያንስ የእኔን ሁለት ዓመት አትድገሙት።

ጨዋታው አጭር ነው። አንዲት ሴት እናቷ ከሞቱ በኋላ ቤታቸውን ባዶ አድርጋ ለማስረከብ አንድ ቀን ብቻ ቀርቷታል። ተጫዋቹ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ዕቃ ያነሳል፤ ይዛው የምትሄደው ሣጥን ግን ዐሥራ ሁለት ዕቃ ብቻ ይይዛል። በእጅ የተያዘ ዕቃ ሁሉ የሴትየዋን እርምጃ ያዘገየዋል፤ የሚያዘገየው ደግሞ በክብደቱ ልክ ሳይሆን በውስጡ ባለው ትዝታ ልክ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ከወንበር ይበልጥ እግር ሊያስር ይችላል። ነጥብ የለም፣ ማሸነፍም መሸነፍም የለም፣ «ይህን መምረጥሽ ስህተት ነው» የሚል ድምፅም አይሰማም። የምንሠራው ሦስት ሆነን ነበር፦ አንድ ፕሮግራመር፣ አንዲት ሠዓሊ፣ የጨዋታውን ሕግና ጽሑፍ የምነድፈው እኔ።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስጽፍ ክስ የቀረበበት ሰው ዓይነት መንፈስ ነበረኝ። ገና ማንም ሳይከሰኝ መከላከያዬን አዘጋጀሁ። ከስምንቱ ገጽ ስድስቱ የቪዲዮ ጨዋታ ኪነ ጥበብ መሆኑን የሚያስረዱ ነበሩ፤ የራሴ ሥራ የተገለጸው በቀሩት ሁለት ገጾች ሲሆን ከእነሱም አንዱ በጀት ነበር። ያልጠቀስኩት ማስረጃ አልነበረም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ፓክ-ማንንና ቴትሪስን ጨምሮ ዐሥራ አራት ጨዋታዎችን በቋሚ ስብስቡ ውስጥ ማስገባቱን፣ በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ጥበብ ትልቅ ዐውደ ርእይ መክፈቱን፣ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2006 ሺገሩ ሚያሞቶን ጨምሮ ለሦስት የጨዋታ ፈጣሪዎች የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን መሸለሟን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጨዋታ ከቶ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጻፈው ለአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ለሮጀር ኢበርት እንኳ ሙሉ ገጽ መልስ ሰጠሁ፤ ሰውየው ግን በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹን ሳይጫወት እንዲያ ብሎ መጻፍ እንዳልነበረበት ራሱ አምኖ ጉዳዩን ትቶት ነበር።

መልሱ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ከዳኞቹ አስተያየት አንዱን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «አመልካቹ ጨዋታ ጥበብ ሊሆን እንደሚችል አሳምኖናል፤ ይህ ጨዋታ ምን እንደሆነ ግን አልነገረንም።» ያን ቀን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ዛሬ ሳየው ከዚያ የተሻለ ትችት ጽፎልኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙዎቻችን የምንደጋግማቸው ሁለት ማስረጃዎች በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ የሰጠው ፍርድ ነው። ፍርድ ቤቱ ጠብና ግድያ የሚታይባቸው ጨዋታዎች ለልጆች እንዳይሸጡ የከለከለውን የካሊፎርኒያ ሕግ ሲሽር፣ ጨዋታዎች እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም የመናገር ነጻነት ጥበቃ አላቸው አለ እንጂ መንግሥት ገንዘብ ይስጣቸው አላለም። ሁለተኛው የአገሪቱ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም በዚያው ዓመት ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የነበረውን የድጋፍ ዘርፍ አስፍቶ ዲጂታል ጨዋታዎችም እንዲያመለክቱበት መፍቀዱ ነው። ወሬው «መንግሥት ጨዋታን ጥበብ አድርጎ አወጀ» ተብሎ ተሰራጨ፤ በተግባር የተከፈተው ግን የማመልከቻ በር ብቻ ነበር። በዚያ በር መግባት የሚችሉትም ትርፍ የማያገኙ ድርጅቶችና መሰል ተቋማት እንጂ በየቤቱ ተቀምጦ ጨዋታ የሚሠራ ግለሰብ ወይም የንግድ ስቱዲዮ አልነበረም። በዚያ መንገድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድጋፍ ካገኙት ሥራዎች በስፋት የሚታወቀው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው፣ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በዎልደን ኩሬ ዳር ያሳለፈውን ሕይወት የሚያጫውተው ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አርባ ሺህ ዶላር አገኘ፣ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ2017 ነው። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት መጀመሪያ የምታነቡት «ማመልከት የሚችለው ማን ነው» የሚለውን አንቀጽ ይሁን። እኔ ያን አንቀጽ ያነበብኩት ማመልከቻውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት እንደ አመልካች የሚቆምልኝ ማኅበር ፍለጋ ስሯሯጥ ከረምኩ።

ሁለተኛው ማመልከቻ የመጀመሪያው ተቃራኒ ሆነ። አንድ ወዳጄ «ስለ ጥበብ ማውራት ትተህ ስለ ገንዘብ አውራላቸው» አለኝ፤ የተጎዳ ሰው ምክር አይመርጥምና ሰማሁት። የሥራ ዕድል፣ የውጭ ገበያ፣ የዘርፉ ዕድገት፣ ጨዋታው በስንት ቋንቋ ተተርጉሞ ስንት ቅጂ ሊሸጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሠንጠረዥ አቀረብኩ። የእናትየው ቤት ከማመልከቻው ጠፋ። ይህኛው መልስ ደግሞ አጭር ነበር፤ ፕሮጀክቱ ለኢንዱስትሪ ልማት ድጋፍ የሚስማማ ስለመሰለን ወደዚያ ቢያመለክቱ ይሻላል የሚል።

ወደዚያም ሄድኩ፤ የገንዘብ መንገዶቹ ሦስት እንደሆኑና ምን ያህል እንደሚለያዩ የገባኝም ያኔ ነው። አንደኛው የታክስ ቅናሽ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመረችው አሠራር አንድ ጨዋታ ከሠላሳ አንድ ነጥብ ዐሥራ ስድስት ካመጣ እንደ አገር ውስጥ ባህላዊ ሥራ ይቆጠራል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ግን ታሪኩ የት እንደሚካሄድ፣ ገጸ ባሕርያቱ ከየት እንደሆኑ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ሥራው የት እንደተሠራና ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ እየታየ ነው። ጨዋታው ያምራል ወይ፣ ይነካል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አሠራሩም ለዚያ የታሰበ አይደለም። ፈረንሳይም ከዚያ ቀደም ብላ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ያጸደቀላት ተመሳሳይ የታክስ ቅናሽ ነበራት። የዚህ መንገድ ችግሩ ገንዘቡ የሚመለሰው አስቀድማችሁ ካወጣችሁ በኋላ መሆኑ ነው፤ ደመወዝ ከፍሎ ሒሳቡን ዘግቶ ለሚጠብቅ ስቱዲዮ መልካም ነው፣ የኪራይ ቀን ለሚያስጨንቃቸው ሦስት ሰዎች ግን ወንዝ ማዶ ያለ ውኃ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2019 ሃምሳ ሚሊዮን ዩሮ መድባ እንደጀመረችው ያለ ቀጥተኛ የመንግሥት ድጎማ ሲሆን ዋና ዓላማው የአገሪቱን ጨዋታ ሠሪዎች በገበያ ተወዳዳሪ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ እኔ ሳላውቀው በሩ ላይ ቆሜ የነበረው፣ ሥራውን እንደ ግጥም ወይም እንደ ቴአትር በራሱ ዋጋ የሚመዝነው የኪነ ጥበብ ድጋፍ ነው። ለአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ለሌላው አይሆንም። ቃላት ብትለዋውጡም አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ።

ከሁለተኛው መልስ በኋላ ሠዓሊዋ ሌላ ሥራ ያዘች። አልተጣላንም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ክፍያ ሠርታ ነበርና ልፈርድባት አልችልም። ከወር ወር እከፍላችኋለሁ ስላቸው የቆየሁት ግን እኔ ነበርኩ። እዚህ ላይ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ያልመጣን ድጋፍ እንደመጣ ቆጥራችሁ ለማንም ቃል አትግቡ። ከእኔ ስህተቶች ሁሉ በሰው ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ሁሉን የለወጠው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሌላ ጊዜ በኪነ ጥበብ ድጋፍ ዳኝነት ያገለገሉ፣ ዕድሜያቸውን በቴአትር አዘጋጅነት ያሳለፉ አንዲት እናት ጨዋታውን አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። «እኔ እኮ ጨዋታ ነክቼ አላውቅም» አሉ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው አልኳቸው። መቆጣጠሪያውን ገልብጠው ያዙት፤ አስተካከልኩላቸው። የመጀመሪያው በር ላይ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆሙ፤ በር እንዴት እንደሚከፈት ጨዋታው የትም አይናገርም ነበር፣ የጨዋታ ልምድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብለን ትተነው ነበርና። ላብ አጠመቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ ዳኞቹ ምናልባት ከዚህ በር አላለፉም ይሆናል የሚል ሐሳብ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሳሎኑን አልፈው መኝታ ክፍል ገቡ፤ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ክርኑ የተጣፈ የእናትየውን ኮት አነሱ። ሴትየዋ በኮቱ ምክንያት መራመድ አቃታት፤ ልንቀሳቀስ ብትልም በእያንዳንዱ እርምጃ ትቆማለች። ሴትዮዋ — ተጫዋቿን ማለቴ ነው — ወደ ሣጥኑ አልሄዱም፤ ወደ ቁም ሣጥኑም አልመለሱም። ኮቱን እንደያዙ ቆሙ። በስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀስ እያለ ወለሉን ያቋርጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እንዲሁ ይዤው ብቆይ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም» አልኳቸው።

«ይመሻል እንጂ።»

«አዎ፣ ይመሻል።»

መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ አሁን ያደረግሁት ነገር ማመልከቻህ ውስጥ አለ?» አሉኝ። አልነበረም። በሁለቱም ውስጥ አልነበረም።

ሦስተኛውን ማመልከቻ በኮቱ ጀመርኩት። የመጀመሪያው አንቀጽ ተጫዋቹ ኮቱን ሲያነሳ ምን እንደሚያደርግ፣ ጨዋታው ምን እንደሚመልስለት፣ ሳይወስን ቢቆም ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍበት ብቻ የሚናገር ነበር። ጨዋታ ጥበብ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር በማመልከቻው ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። በሙያው ውስጥ ለእኛ ብቻ የሚገቡ ቃላትን ሁሉ አወጣሁና በየቦታቸው «ተጫዋቹ ይህን ሲያደርግ ይህ ይሆናል» የሚል ግልጽ አነጋገር ተካሁ። ይህን ልምምድ ለማንኛችሁም እመክራለሁ፤ የጨዋታችሁን ትርጉም በታሪኩ ወይም በሥዕሉ ብቻ ማስረዳት የምትችሉ ከሆነ፣ ዳኛው «ታዲያ ለምን አጭር ልብ ወለድ ወይም ፊልም አላደረጋችሁትም?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አይኖራችሁም። መልሱ ያለው ተጫዋቹ በእጁ በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው።

ከማመልከቻው ጋር የላክነውንም ለወጥነው። ቀደም ሲል ሙዚቃ ያለበት፣ በፍጥነት የሚቆራረጥ የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ልከን ነበር፤ ማስታወቂያ ለገዢ ነው። በምትኩ አንድ ሰው ሲጫወት የሚያሳይ፣ ያልተቆረጠ የስምንት ደቂቃ ቅጂ ላክንና የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚታይ በጽሑፍ አመለከትን። መጫወት ለሚፈልግ ዳኛ ደግሞ ምንም መጫን ሳያስፈልግ በድረ ገጽ ማሰሻ የሚከፈት፣ በቀጥታ ከመኝታ ክፍሉ የሚጀምር አጭር ቅጂ አዘጋጀን፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፕሮግራም መጫን ብዙ ጊዜ ስለማይፈቅድ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ወሳኝ ነው። በሩንም አስተካከልን።

በጀቱ ላይ የነበረኝ ኀፍረት ለብቻው የሚነገር ነው። በፊት ርካሽ መስዬ ለመታየት የራሳችንን ድካም በዜሮ አስልቼ ነበር፤ ርካሽ በጀት ግን ዳኛን ያስፈራዋል፣ ሰዎቹ በመካከል ጥለውት እንደሚሄዱ ያውቃልና። የእኛ አንዷ በእርግጥም ሄዳለች። በሦስተኛው ጊዜ የሁላችንንም የሥራ ቀን አስልቼ ዋጋ አወጣሁለት፤ ለተጫዋቾች ሙከራ፣ መስማት ለማይችሉና ቀለም ለመለየት ለሚቸገሩ ሰዎች ለሚደረግ ማስተካከያ፣ ጨዋታው ከዓመታት በኋላም እንዲከፈት ተደርጎ ለሚቀመጥበት ሥራ ጭምር በጀት ያዝኩ። ሙሉውን ጨዋታ እጨርሳለሁ አላልኩም፤ ሦስት ክፍሎችን ጨርሼ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አሳያለሁ አልኩ። የሕዝብ ገንዘብ ስትጠይቁ ሕዝቡ ሥራውን የት እንደሚያገኘው የሚመልስ አንድ አንቀጽ ይኑራችሁ።

በቃል ጥያቄው ላይ ከዳኞቹ አንዱ ኢበርት ካነሳው ጋር የሚቀራረብ ነገር ጠየቀኝ፤ የሚወስነው ተጫዋቹ ከሆነ የሥራው ባለቤት ማን ነው? ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ንግግር አደርግ ነበር። አሁን ግን ዐሥራ ሁለት ዕቃ ብቻ ይያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኮቱን ከማንኪያው እንዲከብድ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ተጫዋቹ የሚወስነው እኔ በሠራሁት ጠባብ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው አልኩት። ሌላዋ ዳኛ ደግሞ ሌላ ስንት ችግር እያለ ሕዝብ ለጨዋታ ለምን ይክፈል አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ገና አልተዘጋጃችሁም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ገበያው ራሱ የሚሠራውን ጨዋታ ሕዝብ መደጎም የለበትም፤ አብዛኛው ጨዋታም ድጎማ አያስፈልገውም። እንደ እኛ ያለ ማሸነፍ የሌለበት፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ግን አሳታሚ አያገኝም፤ ሦስቱን ያነጋገርናቸውን አሳታሚዎች መልስ አያይዤ ስለነበር ይህን ስናገር ማስረጃዬ ፊታቸው ነበር።

ከጠየቅነው ሁለት ሦስተኛውን ሰጡን። ገንዘቡ የሚመጣው በሦስት ክፍያ ሲሆን የመጨረሻው የሚለቀቀው የማጠቃለያ ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ይህን ውል ላይ እያየሁት አልፌው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት እንደገና ተበደርኩ። የመጨረሻውን ክፍያ በእጃችሁ እንዳለ አትቁጠሩት። ድጋፉ በየዓመቱ ይኖራል ብላችሁም አትተማመኑ፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጨዋታ ሠሪዎች ያቋቋመችው የሃያ ሚሊዮን ዶላር ፈንድ በሁለት ዓመት ውስጥ በበጀት ቅነሳ ተዘግቷል። ሠዓሊዋ ለመጨረሻዎቹ ሥዕሎች ተመልሳ መጣች፤ የቀደመውም ድካሟ በአዲሱ በጀት ባይሸፈንም እስካሁን ከራሴ እየከፈልኳት ነው።

የማጠቃለያው ሪፖርት ቅጽ ስንት ሰው እንደተጫወተ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ቁጥሩን ሞላሁ። ከዚያ ሳይጠይቁኝ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ በቤተ መጻሕፍቱ የተጫወቱት ሰዎች በሣጥኑ ውስጥ ምን ምን እንደከተቱ የሚያሳይ ዝርዝር። ኮቱ በዝርዝሩ ውስጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ብዙዎቹ እስኪመሽ ድረስ ይዘውት ቆመዋል።